መስታወት ላይ የተኛው መጽሐፍ

ወላይታ ሶዶ
ጥቅምት 14 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለምወድህ ባለቤቴ ለቤኒ፣

ሳሮ ነህ ወይ፣ ሰላም ነህ? ሱቁስ እንዴት ነው? ያ በብርዱ ጊዜ የያዘህ ሳል ለቀቀህ? እኛ ሁላችንም ደህና ነን። ዘመን መለወጫችንን ጊፋታን በሰላም አሳለፍን። የዳሞታ ተራራ ከጫፉ እስከ ግርጌው አረንጓዴ ለብሷል። ላማችን ወለደች። ልጃችን ፍሬሕይወት የፊት ጥርሷ ወልቆ ስትስቅ አባትህን ቁርጥ ትመስላለች። አባባ ግን "የሷ ይበቅላል፣ የኔ ሄዶ ቀረ" እያሉ ይቆጫሉ።

ወረቀት አንስቼ ስጽፍልህ "እሁድ እሁድ በስልክ እናወራ የለም ወይ?" ትል ይሆናል። እናወራለን። ነገር ግን አንተ ስትደውል አባባ ወንበራቸውን ስበው አጠገቤ ይቀመጣሉ፤ "ድምፁን ክፈቺው፣ ሁላችንም እንስማ" ይላሉ፤ እኔም ከሰላምታና ከፍሬሕይወት ትምህርት ቤት ወሬ አላልፍም። አሁን የአረካው ዘሩባቤል ዕረፍቱን ጨርሶ ወደ እናንተ ወደ ስደቱ አገር ሊመለስ ስለሆነ ይህን ደብዳቤ በእጁ ያደርስልሃል። ሱቁን ዘግተህ፣ አረፍ ብለህ አንብበው። የሚያስደነግጥ ነገር የለበትም። እንዲያውም አብዛኛው ያስቅሃል።

ወሬዬን ልጀምር። ስካን ማድረግ ተማርኩ!

"ፎቶ ኮፒ ማለትሽ ነው?" እንዳትለኝ። እኔም መጀመሪያ እንደዚያ መስሎኝ ነበር። ነገሩ እንዲህ ነው። በየምእመኑ ቤት፣ በየሣጥኑ ሥር የቀሩ የድሮ የወላይትኛ መጻሕፍት አሉ፤ የመዝሙሩ፣ የማንበቢያው፣ የጤና ትምህርቱ። አንዳንዱን አይጥ በልቶታል፣ አንዳንዱን ጭስ አጥቁሮታል፣ ሌላ ቅጂ ፈልግ ብትባል የት ሄደህ እንደምትፈልግ አታውቅም። የቤተ ክርስቲያናችን ሽማግሌዎች ተሰብስበው "ጨርሰው ሳያልቁ ኮምፒውተር ላይ እናስቀምጣቸው" አሉና ከአዲስ አበባ አንድ ያገለገለ ስካነር አስመጡ። "ማን ይሥራው?" ሲባል ሁሉም ዞሮ እኔን አየ። የቢሮ ጸሐፊ መሆን ማለት ይኸው ነው፤ ሶኬት ላይ የሚሰካ ነገር ሁሉ የኔ ነው።

ስካነሩ ከነካርቶኑ ጠረጴዛዬ ሥር ገባ። እኔም ለብዙ ቀን እግሬን አሳርፍበት ነበር። የሚያውቀው ሰው አልነበረማ! በኋላ ነው ወንጌላዊ ጌታነህ እትዬ ዓመለወርቅን ያስታወሰው። አንተም ታስታውሳቸዋለህ፤ ከመናኸሪያው በላይ ሰማያዊ በር ያለው ግቢ ውስጥ የሚኖሩት፣ መዝገብ ቤት ሠርተው ጡረታ የወጡት ሴትዮ። ኦርቶዶክስ ናቸው፤ የኛን ግቢ ረግጠው አያውቁም። ጌታነህ ራሱ ቤታቸው ድረስ ሄዶ ለመናቸው።

"የምትጠሩኝ ለስካነር ነው ወይስ ለስብከት?" አሉት።

"ለስካነር ነው፣ እትዬ።"

"እንግዲያው እመጣለሁ። ረቡዕና ዓርብ ግን ምሳ አታቅርቡልኝ" አሉና በማግስቱ ነጠላቸውን አጣፍተው፣ መነጽራቸውን በገመድ አንገታቸው ላይ አንጠልጥለው መጡ።

መጀመሪያ ያስተማሩኝ ነገር ማሽኑን ማብራት እንዳይመስልህ። እጅ መታጠብ ነው። ሳሙናና ውኃ አስመጡና እስከ ክንዴ አስታጠቡኝ፤ ከዚያ በንጹሕ ፎጣ አደረቁኝ። "ይህ ማሽን ሐሜተኛ ነው" አሉኝ። "አንቺ ያላየሽውን ሁሉ አይቶ ይናገርብሻል። ቅባት ካለ ቅባቱን፣ ፀጉር ካለ ፀጉሩን ያወጣዋል።"

ማሽኑ ጠፍጣፋ ነው። ክዳኑን ስታነሳው መስታወት አለ። መጽሐፉን ገልጠህ በፊቱ መስታወቱ ላይ ታስተኛዋለህ፣ ክዳኑን ታለብሰዋለህ፣ ከሥር መብራት ቀስ ብሎ እየተሳበ ያልፋል፣ ገጹ ኮምፒውተሩ ላይ ይወጣል። ሲነገር ይኸው ነው። ሲሠራ ግን ሌላ ነው። የመጀመሪያዬ ገጽ ሲወጣ እንደ ሰካራም ወደ ጎን አዘንብሏል፣ መሐሉ ላይ ጥቁር ጥላ አለ፣ ዳር ላይ ደግሞ ጣቴ ከነጋብቻ ቀለበቴ ጉብ ብላለች። ለካ መጽሐፉን ስደግፍ እጄን ከሥሩ ረስቼው ነው። እኔ ቀለበቴ እንዲህ ጥርት ብላ ስትታይ ደስ ብሎኝ ሳቅኩ።

እትዬ ዓመለወርቅ መነጽራቸውን አጠለቁና አዩት። "አንቺ ልጅ፣ ይሄ የመዝሙር መጽሐፍ ነው ወይስ የሰርግ አልበም?"

እንዲህ እንዲህ እያልኩ ለመድኩ። ወረቀቱ ስስ ሆኖ የጀርባው ጽሑፍ ሲያስተላልፍ ከገጹ ኋላ ጥቁር ወረቀት ማስገባት፤ ቀኙን ገጽ ከሠራሁ በኋላ መጽሐፉን አዙሬ ግራውን ማስተኛት፤ የተገለበጠውን ኮምፒውተሩ ላይ መልሶ ማቅናት፤ ለእያንዳንዱ ገጽ ወዲያው ቁጥሩን መስጠት። ይህን የመጨረሻውን አንድ ጊዜ ዘነጋሁትና "በኋላ እሰጠዋለሁ" ብዬ ምሳ ወጣሁ። ስመለስ የመዝሙሩ ገጾች እንደ ገበያ ሰው ተደበላልቀው ጠበቁኝ። ማታ ለአባባ ስነግራቸው ከሳቃቸው ብዛት ዓይናቸውን ጠረጉ። መብራት መሐል ላይ የሚጠፋበት ጊዜም አለ። ብርሃኑ እየተሳበ ግማሽ ገጽ ላይ ቀጥ ይላል። ያኔ እትዬ ዓመለወርቅ ክዳኑን ይዘጉና "እንግዲህ እሱም ዕረፍት ወሰደ" ብለው የሠፈሩን ወሬ ይጀምሩልኛል። የቤተ ክርስቲያናችን ሰዎች አሁን በጣም ወደዋቸዋል። በጾም ቀን ሽሮ በዘይት ተሠርቶ ይቀርብላቸዋል።

አባባ በየቀኑ ከሥራ ስገባ "ዛሬ የማንን መጽሐፍ አስተኛሽ?" ይሉኛል። አንድ ቀን ከጥያቄው አልፈው ሣጥናቸውን ከፍተው ጠበቁኝ። አንተ የምታውቀውን ያን ቢጫ ልባስ ያለውን የማንበቢያ መጽሐፍ አወጡ። በመሠረተ ትምህርት ዘመቻው ጊዜ ገሱባ ሲያስተምሩ ከሌሎች መምህራን ጋር ያዘጋጁት ነው፤ ወላይትኛው በግዕዝ ፊደል የተጻፈበት። በልጅነትህ እንዳትነካው ብለው ከቁም ሣጥኑ ላይ ያስቀምጡት እንደነበር አንተው ነግረኸኛል።

"ከኔ ጋር የጻፉት ሁሉ አልፈዋል" አሉኝ። "እኔና መጽሐፉ ነን የቀረነው። ይሄንንም አስገቢልኝ።"

በደስታ ተቀበልኩ። ችግሩ ግን ጀርባው ነው። በወፍራም ሙጫና በሽቦ ስለተጠረዘ መስታወቱ ላይ አልዘረጋ አለ። በኃይል ስጫነው ሙጫው ቋ ይላል፤ ስለቀው የመሐሉ ቃል በሙሉ ጥላ ውስጥ ይገባል። እንግዲህ ምን ይሻላል ብለን ከአባባ ጋር ደገፉ ፎቶ ኮፒ ቤት ሄድን። ደገፉ መጽሐፉን አገላብጦ አየና ያንን ትልቁን መቁረጫውን በእጁ መታ መታ አደረገ።

"ቀላል ነው። ጀርባውን እቆርጠዋለሁ፤ ወረቀቱ አንድ በአንድ ይለያያል፤ ስካን ስትጨርሱ መልሼ እጠርዘዋለሁ።"

"የማንን ጀርባ?" አሉ አባባ።

"የመጽሐፉን ነዋ፣ አባቴ።"

"አንተን ወገብህን ቢያምህ ጀርባህን ቆርጠው ለያይተው መልሰው ይሰፉሃል?"

ደገፉ ሊያስረዳቸው አፉን ሲከፍት አባባ መጽሐፉን ነጥቀው ብብታቸው ሥር ከተው ወጡ። በንዴት ሲወጡ ደጃፉ ላይ ከቆመ ባጃጅ ጋር ተላተሙ። "ማነው እዚህ ያቆመው?" ብለው በባለ ባጃጁ ላይ ጮሁበት። ልጁ ተሳፋሪ ያገኘ መስሎት "ግቡ አባባ፣ የት ላድርስዎት?" ሲላቸው እኔ በሳቅ ሞትኩ። ያን ቀን ያሳቀኝ ነገር አሁን ሳስበው ግን ያን ያህል አያስቅም። ለምን እንደሆነ እነግርሃለሁ።

መላውን ያገኙልን እትዬ ዓመለወርቅ ናቸው። መጽሐፉን ተቀብለው እንደ ሕፃን በሁለት እጃቸው አቀፉት። "ለምን ሙሉ በሙሉ ትዘረጊዋለሽ? ልጅ ስታስተኚ ወገቡን ትሰብሪያለሽ እንዴ?" አሉኝ። ስካነሩን ወደ ጠረጴዛው ጠርዝ ሳቡት። አንዱን ገጽ ብቻ መስታወቱ ላይ አስተኙና ሌላውን ከጠርዙ ወደ ታች ለቀቁት፤ እኔ ከሥር በመዳፌ ደገፍኩት። ጀርባው ሳይጨነቅ ገጹ ልጥፍ አለ። መሐሉ ላይ ቀጭን ጥላ ቀረች እንጂ ፊደሉ ሁሉ ወጣ። እንዲህ አድርገን እሳቸው እየገለጡ፣ እኔ እየደገፍኩ፣ ያን ሳምንት ሙሉ የአባባን መጽሐፍ ሠራን። አንድም ቅጠል አልተገነጠለም።

አሁን ወደ ዋናው ነገር መጣሁ፣ ቤኒ።

አንደኛው ገጽ ላይ ጥጉን አይጥ በልቶታል። ሁለት ሦስት ቃል ጎድሏል። የጎደለውን ጸሐፊው ያውቁታል ብዬ መጽሐፉን ከሰዓት በኋላ ቤት ይዤ መጣሁ። አባባ ደጅ ፀሐይ እየሞቁ ነበር። ገጹን ገልጬ እጃቸው ላይ አስቀመጥኩና "አባባ፣ እስኪ ይህቺን ያንብቡልኝ፤ የተበላው ቦታ ምን እንደሚል እጽፈዋለሁ" አልኳቸው።

ጉሮሯቸውን ጠረጉ። መጽሐፉን ራቅ አድርገው ያዙና በዚያ በመምህርነት ድምፃቸው ማንበብ ጀመሩ። አንድ ቃል አልተደናቀፉም። ሁለት ወንድማማቾች ፍየል ይዘው ገበያ ወጡ፣ በመንገድ ላይ በገመዱ ተጣሉ፣ ፍየሏ አምልጣ ቀድማቸው ቤት ገባች። ሰምቼ ስቄ ገጹን አየሁት።

ገጹ ስለ ምንጭ ውኃ አጠባበቅ ነው። እንስራ የያዘች ሴት ሥዕል ግማሹን ቦታ ይዛለች። ፍየልም ወንድማማችም የለበትም።

"አባባ" አልኩ ቀስ ብዬ፣ "ይሄኛው ስለ ምንጩ ነው።"

በመዳፋቸው ገጹን ዳሰሱት፤ ጨርቅ ስትገዛ ጥራቱን በእጅህ እንደምትሞክረው። "ቀላቅዬው ይሆናል" አሉ።

"ከመቼ ጀምሮ ነው?"

መጽሐፉን ጭናቸው ላይ ዘጉት። "የዘንድሮው ሳይሆን ካምናው ጊፋታ በፊት ጀምሮ እየደበዘዘ መጣ። አሁን ብርሃንና ጥላ ነው የሚታየኝ። አንቺን በኮቴሽ፣ ልጅቷን በጩኸቷ አውቃለሁ።"

ቤኒዬ፣ አጠገባቸው መሬት ላይ ቁጭ አልኩ። ያለፈው ነገር ሁሉ አንድ በአንድ መጣብኝ። እሁድ ጉባኤው ፊት ቆመው መጽሐፍ ቅዱሱን ገልጠው የሚያነቡት ሁሉ በቃላቸው ነበር። ከቆመ ባጃጅ ጋር የተላተሙት በንዴት አልነበረም። ባለፈው በቪዲዮ ስታወራን "ወፍረሃል፣ ተስማምቶሃል" ሲሉህ አንተ "እንዲያውም ከስቻለሁ እኮ" ብለህ ሳቅክ፣ እኔም አብሬህ ሳቅኩ። አንድ ቤት እየኖርኩ፣ አንድ ገበታ እየበላሁ፣ እንዴት አላየሁም? ሰው እንዳያውቅባቸው ሲሉ ከበር እስከ ወንበር፣ ከወንበር እስከ ሣጥን ያለውን ሁሉ በልባቸው አጥንተውታል።

"ነገ ሐኪም ቤት እንሄዳለን" አልኳቸው።

"አልሄድም። ሐኪሙ ምን እንደሚል አውቃለሁ፤ ሞራ ነው ይላል፣ ዓይኔ ውስጥ መሣሪያ ያስገባል። እኔ ይሄን ያህል ዕድሜ አይቼበታለሁ፤ ይበቃኛል።" ቀጥለው እጄን ያዙኝ። "ለቤኒ በስልክ ምንም እንዳትነግሪው። ሱቁን ጥሎ ይመጣል። ቃል ግቢልኝ።"

ቃል ገባሁላቸው። በስልክ አልነገርኩህም። ስለ ደብዳቤ አላነሱም።

በማግስቱ ቢሮ ቁጭ ብዬ የሳቸውን ገጽ ኮምፒውተሩ ላይ ሳስተካክል እጄ ሳላስበው የማውሱን ጎማ አሽከረከረው። ገጹ አደገ፣ መስመሩ አደገ፣ በመጨረሻ አንድ ፊደል ብቻ ስክሪኑን ሞልቶ ቁጭ አለ። እትዬ ዓመለወርቅ ስካን ስናደርግ "ጥራቱን ከፍ አድርጊው፤ ሲጎላ እንዳይበተን" እያሉ ይነዘንዙኝ የነበረው ለዚህ ነበር። ዳር ዳሩ ጥርት ብሏል። አየሁት፣ አየሁትና ተነስቼ ወንጌላዊ ጌታነህ ዘንድ ገባሁ። "ነገ አባባን ቢሮ ላምጣቸው?" አልኩት። "ለምን?" አለኝ። ነገርኩት። ወንበሩን ራሱ ሊያመቻች ተነሳ።

አባባ መጀመሪያ እምቢ ብለው ነበር፤ "መጽሐፍዎ ማሽኑ ውስጥ እንዴት እንደገባ ላሳይዎት" ስላቸው ግን ኮታቸውን ለበሱ። በባጃጅ ወሰድኳቸው። እትዬ ዓመለወርቅ ቀድመውን ደርሰዋል። የስክሪኑን መልክ ቀይረው ጠበቁን፤ ጀርባው ጥቁር፣ ፊደሉ ነጭ። "ሞራ ያለበትን ሰው ነጩ ብርሃን ይወጋዋል" አሉኝ በጆሮዬ። እኅታቸው እንደዚያ ሆና እንደነበር ያኔ ነው የሰማሁት።

"ጋሼ ባዳቾ፣ ጠጋ ይበሉ፤ ከዚህም ጠጋ" እያሉ አፍንጫቸው ስክሪኑን ሊነካ እስኪደርስ አስጠጓቸው። እኔ የመጀመሪያውን ምንባብ ከፈትኩ፤ ርዕሱን ብቻ፣ ከርዕሱም የመጀመሪያዋን ፊደል ብቻ።

አባባ ራሳቸውን ወደ ግራ አዘነበሉ፣ ወደ ቀኝ አዘነበሉ። ልክ ያልሆነ ተስፋ ሰጥቼ ላዋርዳቸው ነው ብዬ ፈራሁ። የእትዬ ዓመለወርቅ እጅ ትከሻዬ ላይ ጠበቀ።

"ቦ" አሉ።

ቀጣዩን ገፋሁላቸው።

"ይ።"

እንደገና ገፋሁ። አሁን አልጠበቁም። "ና! ቦይና!" ብለው ጮኹ። "ቦይና ነው! ይሄ የኔ ነው፣ ስለ ቦይና፣ ስለ ጎደሬው አተካከል እኔ ነኝ የጻፍኩት!"

ጌታነህ የወደቀ ሰው ያለ መስሎት እየሮጠ ገባ። እትዬ ዓመለወርቅ ነጠላቸውን ፊታቸው ላይ አደረጉ። እኔ ስቄ ይሁን አልቅሼ አላውቅም፤ ሁለቱም ነበር መሰለኝ። አባባ ግን እኛን ከቁም ነገር አልቆጠሩንም። "ቀጥዪ እንጂ! ምን ትጠብቂያለሽ?" ይሉኛል።

ከዚያ ወዲህ ከሰዓት በኋላ ቢሮ መምጣት ሥራቸው ሆነ። ፊደል በፊደል፣ ቃል በቃል ያነባሉ። አዝጋሚ ነው፤ አንድ መስመር እስኪጨርሱ እንቅልፍ ሊወስድህ ይችላል። ሳሳድገው ቃሉ ከስክሪኑ ይወጣል፣ ሳሳንሰው አይታያቸውም፤ እንደ ራዲዮ ጣቢያ ስንፈልግ እንውላለን። አንድ ቀን ጠረጴዛውን በጡጫ መቱት። "ይኸው! ይሄን ስህተት ያኔም ነግሬያቸው ነበር! 'ሊታረም ነው' ብለውኝ እንዲሁ አተሙት!" ስንት ዓመት ሙሉ ያበሳጫቸው አንድ የማተሚያ ቤት ግድፈት ነው። እትዬ ዓመለወርቅ "ላስተካክልልዎት?" ሲሏቸው "ተዉት፤ የኛ ዘመን ምስክር ነው" አሉ። ሁለቱ አሁን የማያልቅ ክርክር አላቸው፤ እሳቸው የአባባን አማርኛ ያርማሉ፣ አባባ የእሳቸውን ወላይትኛ ያርማሉ።

ባለፈው ሐሙስ መጽሐፉን ጨረሱት። ስክሪኑን ላጠፋው ስል "ቆይ" አሉ። ከኮታቸው የደረት ኪስ ትንሽ ፎቶ አወጡ። ለፓስፖርት ብለህ ተነሥተህ የተረፈው የአንተ ጉርድ ፎቶ ነው። ጥጉ ተጣጥፏል፤ ለካ ሁልጊዜ እዚያ ነው የሚኖረው።

"ሰውም ያሳድጋል?"

"ያሳድጋል፣ አባባ።"

መስታወቱን ጠረግኩ። ፎቶህን በፊቱ አስተኛሁት። ክዳኑን ስዘጋ እጄ እንዴት እንደተጠነቀቀ ብታይ። ፊትህ ስክሪኑን ሞላው። ግንባርህን አሳየኋቸው፣ ወደ ቅንድብህ ወረድኩ፤ በልጅነትህ ከማንጎ ዛፍ ወድቀህ የተጫርከው ቦታ ላይ ሲደርሱ ጣታቸውን ስክሪኑ ላይ አሳረፉ። "ይቺን አውቃታለሁ፤ ያኔ በጀርባዬ አዝዬ ክሊኒክ ወሰድኩት" አሉ። ለረጅም ጊዜ አዩህ።

ከዚያ ቀና ብለው "ይሄ ግን ሲሄድ የነበረው ነው" አሉ። "የዛሬውን አያሳይም።"

"አያሳይም፣ አባባ። ማሽኑ የሰጠነውን ብቻ ነው የሚያሳየው።"

ኮታቸውን አስተካከሉ፤ ፎቶውን ወደ ኪሳቸው መለሱ። "ለአንዲት ፊደል አንቺና ዓመለወርቅ ይህን ያህል ከለፋችሁ እኔ ለዓይኔ አንድ ቀን ብተኛ ምን እሆናለሁ? ነገ ውሰጂኝ" አሉኝ።

ሐሳባቸውን ሳይቀይሩ በማግስቱ ሆስፒታል ወሰድኳቸው። ሐኪሟ ወጣት ናት፤ ማርያማዊት ትባላለች። በመብራት ዓይናቸውን አየችና ሞራ ነው፣ በደንብ በስሏል፣ ነገር ግን የዓይናቸው ውስጥ ጤነኛ ነው አለች። መጀመሪያ ቀኙን፣ ከዚያ ወር ቆይቶ ግራውን። ብዙ ጊዜ እንደማይወስድ፣ ማታውኑ ቤታቸው እንደሚያድሩ ነገረችን። አባባ "ፊደል አነብ ይሆን?" ብለው ጠየቋት። "መነጽር ሊያስፈልግዎ ይችላል እንጂ ያነባሉ ብዬ ተስፋ አደርጋለሁ" አለቻቸው። ከሷ በኋላ ያገኙትን ዘበኛ፣ ነርስ፣ ባለ ባጃጅ ሁሉ አቁመው "ላነብ ነው!" ሲሉ ዋሉ። መፍራታቸውን ግን አልተዉም። ጠዋት ጠዋት ወጋቸውን ያረዝማሉ፣ ፍሬሕይወትን ጭናቸው ላይ አስቀምጠው ፊቷን በጣታቸው ይለካሉ።

ቀኑ ኅዳር 17 ሆኗል። ዓይናቸው ተሸፍኖ ያድራል፤ ኅዳር 18 ጠዋት ሐኪሟ ትፈታዋለች። እትዬ ዓመለወርቅ ከኛ በላይ ተጨንቀዋል፤ ለሚካኤል ተስያለሁ ብለውኛል። የኛ ሰዎች በበኩላቸው የጸሎት ቀን ይዘዋል። በሁለቱም በኩል በደንብ ተይዘናል ማለት ነው።

ላንተ ከዚህ ጋር ፍላሽ ልኬልሃለሁ። የአባባ መጽሐፍ ሙሉው አለበት። እዚያ ያሉ የወላይታ ልጆች ስትሰባሰቡ አብራችሁ አንብቡት፤ የፍየሏን ታሪክ መጀመሪያ አንብብላቸው። ዘሩባቤል በሻንጣው መሐል እንዳይጨፈልቀው በጨርቅ ጠቅልዬዋለሁ፤ ትንሽ የዳታ በርበሬም አብሮ አለ፤ እሱን ለብቻው ቋጥሬዋለሁ፣ አትቆጣ።

የቀረኝን አንድ ነገር ልጻፍልህና ልጨርስ። ትናንት አባባ ደጅ ተቀምጠው ስለ ጠዋቱ ያወሩኝ ነበር። "ሐኪሟ ስትፈታልኝ መጀመሪያ የማየው ነርስ እንዳይሆን" አሉኝ። እኔም "ፊት ለፊትዎ እኔና ፍሬሕይወት እንቆማለን፤ ከኛ ኋላ እትዬ ዓመለወርቅ ይኖራሉ" አልኳቸው። ራሳቸውን ነቀነቁ። ከዚያ በዚያ በታፈነ ድምፃቸው፣ ከእኔ ጋር ሳይሆን ከግቢው ጋር የሚያወሩ ይመስል፣

"ስትቆሙ ግን አትጠጋጉ" አሉኝ። "በመሐላችሁ የአንድ ሰው ቦታ ተዉ።"

እሺ አልኳቸው። ቦታውን እንተወዋለን።

አምላካችን ጦሲ ሥራህን ይባርክልህ፣ ከክፉ ሰውና ከክፉ ቀን ይሰውርህ፤ እግርህ የረገጠበት ሁሉ ሰላም ይሁንልህ። አባባ ባርከውሃል፣ ፍሬሕይወት ወልቃ የቀረችውን ጥርሷን "ለአባዬ አሳዪልኝ" ብላኛለች፤ ጥርስ በደብዳቤ እንዴት እንደሚታይ እስካሁን አላወቅኩም።

የምትወድህ ባለቤትህ
ጥሩነሽ